አሮጌ የወታደር መኪና ጅማ ላይ፦ የትኛውን መያዝ፣ ምኑን መጠገን፣ ምኑን መቀየር

አሮጌ የወታደር መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። ይነሳል ወይ? ያጨሳል ወይ? ዘይት ይበላል ወይ? ጥያቄው ደህና ነው። ግን ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ምልክት እየሰጠ፣ ቀስ እያለ ነው የሚደክመው። ዝናብ ከጣለ በኋላ የሰቃን መንገድ ይዛችሁ፣ ቡና ጭናችሁ፣ ድንገት ቁጭ የሚያደርጋችሁ ከሞተሩ ኋላ ያለው ነው። ፍሪሲዮን (ሞተሩን ከካምቢዮ የሚያገናኝና የሚለያይ)፣ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፣ ትራንስፈር (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያደርስ ሳጥን)፣ የትራንስሚሽን ዘንግ፣ ክሮቸራ (የዘንጉ መተጣጠፊያ መገጣጠሚያ)፣ ዲፈረንሻል (ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍል)፣ ሰሚያስ (ከዲፈረንሻል ወደ ጎማ የሚሄድ ዘንግ)።

እዚህ የማወዳድረው እነሱን ብቻ ነው። መለኪያዬም አንድ ነው። ጭነት ሲበዛ ወይም ጎማ ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር የሆነ ነገር መሰበሩ አይቀርም። የተሰበረው ክሮቸራ ከሆነ በዕለቱ ተቀይሮ ጉዞ ይቀጥላል። ዲፈረንሻል ውስጥ ያሉት ትልቁና ትንሹ ጥርስ፣ ኮሮናና ፒኞን፣ ከሆኑ ግን መኪናው ሸራ ለብሶ ይቆማል፤ የቡናው ወቅትም ሳይጠብቃችሁ ያልፋል። ስለዚህ ስትመርጡ "የማይሰበረው የትኛው ነው?" አትበሉ። እንደሱ የሚባል መኪና የለም። "ቀድሞ የሚሰበረው ምኑ ነው? እሱንስ ነገ ጠዋት የት አገኘዋለሁ?" በሉ።

ኢፋ፣ ዚል ወይስ ኡራል?

ኢፋ ደብልዩ 50ን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ምሥራቅ ጀርመን ውስጥ ሉድቪግስፌልደ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1990 ሲመረት ቆይቷል፤ ቁጥሩም ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ነው። ጅማ ላይ ሆነን ስለ ኢፋ ስናወራ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። እ.ኤ.አ. በ1977 የዓለም የቡና ዋጋ ሰማይ ሲነካ ምሥራቅ ጀርመን ለሕዝቧ ቡና ማቅረብ አቃታት። የውጭ ምንዛሪ ስላልነበራትም ከደርግ ጋር የጦር መሣሪያ ሰጥታ ቡና ለመውሰድ ተስማማች። የዚያች አገር መኪና ዛሬ የአጋሮን ቡና ሲጭን ማየት ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።

ወደ ቁም ነገሩ ስንመለስ፣ የኢፋ ሞተር ባለ 4 ሲሊንደር ናፍጣ ነው። 6.56 ሊትር፣ 125 የፈረስ ጉልበት፣ 5 ማርሽ። ሁሉም ኢፋ በአራቱም ጎማ እንደማይጎትት አትርሱ። በኋላ ጎማ ብቻ የሚነዳውም ብዙ ነው። ሻጩ "ፎር ዊል ነው" ካላችሁ ጎንበስ ብላችሁ ከፊት ዲፈረንሻል መኖሩን፣ ወደሱ የሚሄድ ዘንግ መኖሩንም እዩ። የኢፋ ትልቁ ጥቅም ከሞተሩ ኋላ ያለው ዕቃ ቁጥሩ ትንሽ መሆኑ ነው። ባለ አራቱ ጎማ እንኳ ያሉት ሁለት ዲፈረንሻሎች ናቸው። የክሮቸራው ብዛት አያስቸግርም፤ ከሥር ገብቶ ለመሥራትም ቦታ አለው። ጉዳቱ ፋብሪካው መዘጋቱ ነው። የራሱ የሆነ ጥርስ ከተሰበረ የሚገኘው ከሌላ የቆመ ኢፋ ላይ ተፈትቶ ነው። ኢፋ የምትገዙ ከሆነ ለዕቃ የሚሆን ሁለተኛ ኢፋ ማን ግቢ እንደቆመ አስቀድማችሁ እወቁ።

ዚል 131 ሌላ ዓይነት ነው። ስድስቱም ጎማ ይጎትታል። ባለ 8 ሲሊንደር ቤንዚን ሞተር አለው፤ 6 ሊትር ገደማ፣ 150 የፈረስ ጉልበት። ከመንገድ ውጪ 3.5 ቶን፣ አስፋልት ላይ 5 ቶን ይጭናል። ከሞተሩ ኋላ ያለው ነገር በጣም ጠንካራ ነው፤ ክፉ የሚወራበት አይደለም። የሚያደኸያችሁ ቤንዚኑ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ከ40 ሊትር በላይ ይጠጣል። በዚህ ምክንያት ሞተሩን አውጥተው ናፍጣ የሚያስገቡ አሉ። ይቻላል። ግን የናፍጣ ሞተር ምት ከበድ ያለ ነው፤ ያ ምት ወደ ካምቢዮውና ወደ ክሮቸራው ይሄዳል። ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው ሳህን ቶርኖ ቤት (ብረት መቅረጫ) ሲሠራ በፀጉር ያህል ማዕከሉን ከሳተ ደግሞ ፍሪሲዮኑን እየበላ፣ የካምቢዮውን የፊት ኩሽኔታ (ዘንጉ የሚዞርበትን ቦል) እያበላሸ ይቀጥላል። ናፍጣ የገባለት ዚል ሲያጋጥማችሁ ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለዚያ ሳህን ጠይቁ።

ኡራል 4320 እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የመጣው ናፍጣው ነው። ከሱ በፊት የነበረው 375 ቤንዚን ነበር፤ በቅርጽ ስለሚመሳሰሉ ኮፈኑን ከፍታችሁ አረጋግጡ። የ4320 የመጀመሪያው ሞተር የካማዝ ነው፤ ባለ 8 ሲሊንደር፣ 10.85 ሊትር፣ 210 የፈረስ ጉልበት። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሞተሩም የፍሪሲዮኑም ዕቃ ካማዝ ካለበት ይገኛል ማለት ነው። ስድስቱም ጎማ ሁልጊዜ ይጎትታል፤ ትራንስፈሩ ውስጥ ደግሞ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍል ዲፈረንሻል አለው። ጭቃ ሲመጣ ይቆለፋል፣ ደረቅ መንገድ ላይ ይፈታል። ሲከብድ ደግሞ ይከብዳል። ባዶውን 8 ቶን ገደማ ነው። ጌራ ጫካ ውስጥ እንጨት ለመጎተት ከሱ የሚሻል አላውቅም። የገጠር የእንጨት ድልድይ ላይ ግን ወርዳችሁ ድልድዩን ሳታዩ አትግቡ።

ጋዝ 66 የሚባለውን ትንሹን ደግሞ በአጭሩ ልለፈው። ጎበዝ ጭቃ ወጪ ነው፤ የሚጭነው ግን 2 ቶን ነው። ለንግድ አይሆንም።

እኔ ብጠየቅ፣ አጋሮና ሊሙ እየተመላለሰ ቡና ለሚጭን ሰው ኢፋ እላለሁ። መንገድ ለሌለበት ሥራ ኡራል። ዚልን የምመክረው በርካሽ ከተገኘና ሥራው ዓመት ሙሉ ካልሆነ ብቻ ነው። አይሱዙ ገዝቶ መገላገል የሚሻለው ሰውም ብዙ ነው። መንገዳችሁ አስፋልትና ደህና ኮረኮንች ከሆነ የወታደር መኪና ለምን አስፈለገ?

ፓራሊዮ ከመቀየር በፊት

ፓራሊዮ ዘይት እንዳይወጣ ዘንጉ ዙሪያ የሚገባው ባለ ከንፈር ቀለበት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጅማ ላይ ሰው ገንዘቡን በከንቱ የሚያፈሰው እዚህ ነውና።

አጂፕ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ አንድ ዚል ክሪክ ላይ ቆሟል። የኋላው ዲፈረንሻል ፒኞኑ ጋ ዘይት ያንጠባጥባል። ባለቤቱ አዲስ ፓራሊዮ በእጁ ይዟል።

"ጋሼ፣ ይኼ እኮ ሁለተኛው ነው። ባለፈውም ቀይረንለት ነበር።"

"ታዲያ ዕቃው ጥራት የለውም ማለት ነዋ።"

"ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ ይቺን ልያት።"

መካኒኩ ዲፈረንሻሉ ጀርባ ላይ ያለችውን የአውራ ጣት የምታህል መተንፈሻ በጨርቅ ጠረጋት። ቀይ አፈር እንደ ሲሚንቶ ደርቆባታል። ፈትቶ በአፉ ቢነፋት አየር አልወጣም። በናፍጣ ነክሮ በሽቦ ወጋት፤ ጭቃው በቁራጭ በቁራጭ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናው ሲሄድ ዲፈረንሻሉ ይሞቃል፤ ውስጡ ያለው አየር ይነፋል። መተንፈሻው ከተዘጋ አየሩ መውጫ ስለሚያጣ ዘይቱን በፓራሊዮው ከንፈር በኩል ገፍቶ ያወጣዋል። አዲስ ፓራሊዮ ብታስገቡም ያው ነው። ይህ ቀላሉ ጉዳት ነው። የባሰው የሚመጣው የሞቀው ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ ነው። ድንገት ይቀዘቅዛል፤ ውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል፤ በመተንፈሻው መሳብ ሲያቅተው በፓራሊዮው በኩል ውሃ ይስባል። ከዚያ ዘይቱን ስትፈቱት ማኪያቶ መስሎ ይወጣል። ማኪያቶ የመሰለ ዘይት ኩሽኔታ ያዝገዋል፣ ጥርስ ይበላል።

ፓራሊዮ መቀየርና መተንፈሻ ማጽዳትን ስናወዳድር፣ ሁለተኛው ነፃ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ። መተንፈሻውን ፈትቶ በቦታው ቱቦ ማሰርና ቱቦውን ጋቢናው ጀርባ ድረስ ከፍ አድርጎ መውሰድ። አፉ ወደ ታች ይታጠፍ። ወንዝ የምታቋርጡ ከሆነ ለካምቢዮውና ለትራንስፈሩም እንደዚሁ ይደረግ።

ውሃ መግባቱን ለማወቅ ዘይቱን ሁሉ ማፍሰስ የለባችሁም። መኪናው ሌሊቱን ይቁም። ጠዋት ሳይነሳ የታችኛውን ብሎን ትንሽ ላላ አድርጉት። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ቀድሞ የሚወጣው እሱ ነው። ብሎኑ ማግኔት ካለው የያዘውንም እዩት። እንደ ጭቃ የላመ ግራጫ ነገር ከሆነ የተለመደ ነው። የሚያብረቀርቅ ቁራጭ፣ በጥፍር የሚያዝ ስባሪ ከሆነ ግን መከፈት አለበት።

ወፍራም ዘይት ወይስ ቀጭን?

የዘይት ጣሳው ላይ ሁለት ነገር ተጽፏል። አንዱ ውፍረቱ ነው፤ 80ደብልዩ-90 ወይም 85ደብልዩ-140። ሌላው ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 የሚለው ነው። ብዙ ሰው ውፍረቱን ብቻ ያያል። እኔ ሁለተኛውን አስቀድማለሁ።

ጂኤል-5 ጥርስ እርስ በርሱ ሲፋተግ የሚከላከል የሰልፈርና የፎስፎረስ ቅመም በብዛት አለበት። ለአንዳንድ ዲፈረንሻል ግድ ነው። ግን አሮጌ ካምቢዮ ውስጥ ማርሽ የሚያስማማው ቀለበት ነሐስ ነው፤ አንዳንዱ ጂኤል-5 ያንን ነሐስ ይበላዋል። ስለዚህ ለካምቢዮ ጂኤል-4 ግዙ። "5 ከ4 ይበልጣል" ብሎ የሚሸጥላችሁን አትስሙ፤ ደረጃው የጥራት ሳይሆን የሥራ ልዩነት ነው።

ለዲፈረንሻልስ? ዚል 131ና ኡራል ላይ ኮሮናውና ፒኞኑ ተራ ጠመዝማዛ ጥርስ ናቸው፤ ከኋላቸው ሌላ ጥንድ ጥርስ ተጨምሮ ነው ጉልበቱን የሚያበዛው። ስለዚህ ጂኤል-4ም ይበቃቸዋል፤ ጂኤል-5 ቢገባባቸውም አይጎዱም። ጋዝ 66 ግን ሃይፖይድ ነው፤ ፒኞኑ ከኮሮናው መሐል ዝቅ ብሎ ስለሚገባ ጥርሱ እየተንሸራተተ ነው የሚሠራው። ለሱ ጂኤል-5 ካልሆነ በአጭር ጊዜ ጥርሱ ይላጫል።

ውፍረቱን በተመለከተ፣ ጅማ ብርድ የሚያስቸግርበት አገር አይደለም። 80ደብልዩ-90 ለሁሉም ይሆናል። 85ደብልዩ-140 የምጠቀመው ያረጀ፣ ጥርሱ የሰፋ ዲፈረንሻል የግቤን ዳገት ጭኖ የሚወጣ ከሆነ ነው። ድምፁን ትንሽ ያለዝባል። ግን ማለዘብ መጠገን አይደለም። መኪና ስትገዙም ይህን አስቡ። ወፍራም ዘይት፣ አልፎም ሳጋቱራ ጨምሮ የዲፈረንሻል ጩኸት መደበቅ የቆየ የሻጭ ብልሃት ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ትንሽ ዘይት አስፈቱና በጣታችሁ አሹት።

የተቃጠለ የሞተር ዘይት ዲፈረንሻል ውስጥ መጨመርን ግን ከምርጫ አልቆጥረውም።

ክሮቸራ

መበላሸት ካለበት ቀድሞ የሚበላሸው ይህ እንዲሆን ነው የምፈልገው። ርካሽ ነው፤ መንገድ ዳር በመዶሻና በፒንሳ ይቀየራል።

መኪናው ሲነሳ "ቋ" ካለ መጀመሪያ ዘንጉን በእጃችሁ ወዲህ ወዲያ አዙሩት። ክሮቸራው ጫፍ ላይ ቀይ ዱቄት ካያችሁ ውስጡ ያሉት መርፌዎች ዝገው ተፈጭተዋል። ግሪስ አያድነውም፤ ይቀየር።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ። ግሪስ መስጫ ያለውና ተዘግቶ የሚመጣው። የተዘጋው በሥራው ጠንካራ ነው፤ መሐሉ ለግሪስ አልተበሳማ። ለአስፋልት መኪና እሱን እመርጣለሁ። ጭቃና ወንዝ ለሚገባ መኪና ግን ግሪስ መስጫ ያለው ይሻላል፤ ውሃ ከገባ በኋላ አዲስ ግሪስ ገፍቶ ማስወጣት ይቻላልና። አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ በትክክል የሚሰጥ ረዳት ያስፈልጋል። በአራቱም ጫፍ አዲስ ግሪስ እስኪወጣ ድረስ ነው የሚሰጠው። በሦስቱ ወጥቶ በአራተኛው ካልወጣ አራተኛው ደርቋል። ረዳታችሁ ሁለት ጊዜ ፓምፑን ጨቁኖ "ጨርሻለሁ" የሚል ከሆነ የተዘጋውን ግዙ።

ዘንጉ ሲገጠም ደግሞ ተንሸራታቹ ጫፍ በዘፈቀደ አይገባም። ሁለቱ ጫፎች ላይ ያሉት ሹካዎች በአንድ መስመር መዋል አለባቸው፤ ብዙዎቹ ላይ ቀስት ተቀርጿል። ቀስት ከሌለ ከመፈታቱ በፊት በቀለም ምልክት ይደረግ። አንድ ጥርስ ከተዛባ መኪናው ይንቀጠቀጣል፤ አዲሱ ክሮቸራም ከነአዲስነቱ ያልቃል። "የገዛሁት ክሮቸራ አንድ ወር አልቆየም" ከሚሉት ብዙዎቹ ጋ ያየሁት ችግር ዕቃው ሳይሆን ይኼ ነው።

ዲፈረንሻል ሲጮህ፦ ኦሪጅናል፣ አሮጌ፣ ቶርኖ ወይስ ብየዳ?

ከመክፈታችሁ በፊት ጩኸቱን ለዩት። ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚያፏጭ ከሆነ ጥርሱ ነው። እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የፒኞኑ ኩሽኔታ ላልቷል። ሁልጊዜ የሚያጉረመርም፣ ከፍጥነቱ ጋር የሚለዋወጥ ከሆነ ኩሽኔታ ነው። ሲጠመዘዝ ብቻ የሚያንኳኳ ከሆነ ሳተላይቶቹን (ዲፈረንሻሉ መሐል ያሉትን ትንንሽ ጥርሶች) እዩ።

ኩሽኔታ ከሆነ ተደሰቱ። ኩሽኔታ የዓለም ዕቃ ነው። የሩሲያ መኪና ላይ ያለው ቁጥር ሻጩን ግራ ያጋባዋል እንጂ ልኩ ያው ነው። 308 የሚል ካያችሁ 6308 ብላችሁ ጠይቁ። 7510 የሚለው ተዳፋት ኩሽኔታ 32210 ነው። ፓራሊዮም እንደዚሁ በልክ ይገዛል፤ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። "የዚል አለ ወይ?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ የለም ትባላላችሁ። በቁጥር ከጠየቃችሁ ጅማ መርካቶም ሊገኝ ይችላል፤ ካልሆነ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አይጠፋም።

ጥርስ ከሆነ ምርጫው ይጠባል። ኮሮናና ፒኞን ጥንድ ናቸው። ፋብሪካ ውስጥ አብረው ተፋትገው ነው የተለማመዱት፤ ብዙ ጊዜም አንድ ዓይነት ቁጥር ተጽፎባቸዋል። አንዱን ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። አዲስ ጥንድ ካልተገኘ የቆመ መኪና ላይ ያለ ሙሉ ዲፈረንሻል ከነሳጥኑ መግዛት ሁለተኛው ምርጫ ነው። እንዲያውም እኔ ይህን አስቀድማለሁ። ከነሳጥኑ የተፈታ ዲፈረንሻል ልኩን እንደጠበቀ ይመጣል። አዲስ ጥንድ ግን የሚገጥመው ሰው እጅ ይወስነዋል። ጥርሱ ላይ ቀለም ቀብቶ፣ አዙሮ፣ ንክኪው ጥርሱ መሐል ላይ መዋሉን የማያይ መካኒክ ከሆነ አዲሱም ይጮሃል።

ብየዳስ? የተሰበረ ጥርስ በብየዳ ሞልቶ በድንጋይ መሞረድ የሚሠራበት ጋራዥ አለ። የጥርሱ ላይኛው ቆዳ በእሳት የጠነከረ ነው፤ ውስጡ ግን ለስላሳ ነው። ብየዳው ያንን ጥንካሬ ያጠፋዋል፣ ዙሪያውንም ይሰነጥቀዋል። ስባሪው ሲወጣ ደግሞ ደህና ጥርሶች መሐል ይገባል። ሰሚያስም ከተሰበረ አይበየድም።

ቶርኖ ቤት የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው። ፓራሊዮ የሚቀመጥበት ዘንግ ቦይ ሲያወጣ በቀጭን ቀለበት ለማልበስ፣ ቡሽ ለመሥራት፣ የሰፋ የኩሽኔታ ቤት ለመሙላት። ሰሚያስ ወይም ዘንግ ማሠራት ግድ ከሆነ ብረቱን ጠይቁ። ከተራ የግንባታ ብረት የተሠራ ሰሚያስ እንደ ጨርቅ ይጠመዘዛል። ከሌላ ከባድ መኪና አሮጌ ሰሚያስ የተሠራ ደህና ይሄዳል።

የፊቱን መንጃ ማቆየት ወይስ መፍታት?

ብዙ ባለቤቶች አስፋልት ላይ ብቻ ሲሠሩ የፊቱን ዘንግ ፈትተው ያስቀምጡታል። ነዳጅም ክሮቸራም ይቆጥባል ይላሉ።

ዚል ላይ ይሄዳል። ፊቱ የሚገባው በኤሌክትሪክና በአየር ነው፤ ወደ ትራንስፈሩ ዝቅተኛ ማርሽ ሲገባ ደግሞ ራሱ ይገባል። መሐሉ ላይ ዲፈረንሻል የለውም። ስለዚህ ዘንጉ ቢፈታም የኋላው አራት ጎማ ይጎትታል። እንዲያውም ዚልን ደረቅ አስፋልት ላይ ፊቱን አስገብቶ መንዳት ነው ትልቁ ጥፋት። ሲጠመዘዝ የፊትና የኋላ ጎማ እኩል አይዞሩም፤ ልዩነቱ ዘንጎቹ ውስጥ ይጠራቀማል፤ በመጨረሻ ደካማው ይሰበራል። ማርሹ አልወጣ ካላችሁም በጉልበት አትጎትቱት። ትንሽ ወደ ኋላ ንዱት፤ ይለቃል።

ኡራል ላይ ግን ተጠንቀቁ። የፊቱ ዘንግ ከተፈታና መሐለኛው ዲፈረንሻል ካልተቆለፈ መኪናው አይንቀሳቀስም። ኃይሉ ሁሉ ባዶ ወደሚዞረው ፊት ይሄዳል። ስለዚህ ቆልፎ መንዳት ግድ ነው። ኡራል ላይ እኔ ባልፈታው እመርጣለሁ፤ ለሱ ነው የተሠራው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር ጎማ ነው። የተለያየ ቁመት ያለው ጎማ፣ አንዱ አዲስ አንዱ የተላጨ፣ ሁሉም ጎማ በሚጎትት መኪና ላይ ያንኑ መጠራቀም ያመጣል፤ ያውም ቀጥ ባለ መንገድ። የሁሉም ጎማ ቁመት የተቀራረበ መሆኑን እዩ።

ፍሪሲዮን

ዚል አንድ ዲስክ፣ የካማዝ ሞተር ያለው ኡራል ሁለት ዲስክ አላቸው። ሸራውን (ዲስኩ ላይ የተመታውን የሚይዝ ሽፋን) ብቻ አስነቅሎ በአዲስ ማስመታት ከሙሉ ዲስክ ይረክሳል፤ መሐሉ ያለው ጥርስና ስፕሪንግ ደህና ከሆነ ይህን እመርጣለሁ። ሪቬቱ ከሸራው በታች ዝቅ ብሎ መመታቱን በጥፍራችሁ ዳስሱ። ዘይት የነካው ሸራ ከሆነ ግን ዘይቱ ከየት እንደመጣ ሳታገኙ አዲስ አታስገቡ። የአሮጌ ሸራ አቧራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ በኮምፕሬሰር ከመንፋት በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ለሳንባ ይሻላል።

ጅማ ላይ ወይስ አዲስ አበባ?

ፍሪሲዮን፣ ክሮቸራ፣ ኩሽኔታ፣ ፓራሊዮ ጅማ ላይ ይሠራል። ዲፈረንሻል ማስተካከልና ትራንስፈር መክፈት ላይ የሰው እጅ ይለያያል። ከዚህ ቀደም ተመሳሳይ መኪና የሠራ መካኒክ ጅማ ላይ ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። ካላገኛችሁ መኪናውን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ማስጎተት አያስፈልግም። ዲፈረንሻሉ ብቻ ይፈታ፣ በአይሱዙ ተጭኖ ይሂድ፣ ተሠርቶ ይመለስ። ክፍት የቀረው ቀዳዳ በላስቲክ ጥብቅ ተደርጎ ይታሰር፤ የጅማ ዝናብ አይታመንም።

ጊዜውንም ምረጡ። ቡናው ከጥቅምት ጀምሮ ነው የሚለቀመው። ዲፈረንሻል የሚከፈተው ነሐሴ ላይ፣ መንገዱም ጭቃ፣ ሥራውም ቀዝቃዛ በሆነበት ነው። ኅዳር ላይ ሁሉም ሰው መካኒክ ይፈልጋል።

መጎተት ግድ ከሆነ ግን አንድ ነገር አትርሱ። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲዞር የካምቢዮውና የትራንስፈሩ ጥርስ አብሮ ይዞራል፤ ከታች ዘይት የሚረጨው ዘንግ ግን ቆሟል። ላይኛው ደርቆ ይነዳል። ከዴዶ ጅማ ድረስ እንዲህ የተጎተተ መኪና ደህና ካምቢዮ ይዞ ተነስቶ የተቃጠለ ካምቢዮ ይዞ ይደርሳል። ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ ፈትታችሁ ጋቢና ውስጥ ጫኑት። የፊቱ የማይለቅ ከሆነ እሱንም ፍቱ። ብሎኖቹን በዳዷቸው መልሳችሁ እሰሩና በከረጢት አድርጉ።